የመውጫው መስኮትና የላስታ ሙሽራ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሀገር የሚወጣን የትዳር አጋር ለኢሚግሬሽን ፍተሻ ስለማዘጋጀት



ዛሬ የምናገርበት ርእስ ሲያዩት ትንሽ ነው። በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ፣ መንገደኛው ሻንጣውን ለአየር መንገዱ ካስረከበ በኋላ፣ አንድ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጦ ፓስፖርት የሚያገላብጥበት መስኮት አለ። ብዙዎቻችን በዚያ የምንቆየው ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከላሊበላ፣ ከቢልባላ፣ ከኩልመስክ ወይም ከቡግና ተነሥታ በውጭ ሀገር ወደሚኖር ባሏ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትጓዝ ወጣት ግን ያ መስኮት የዓመታት ጥበቃ በጥቂት ጥያቄዎች የሚጸናበት ወይም የሚፈርስበት ስፍራ ነው። ሕግ የሚያጠኑ ተማሪዎች ስለ መንቀሳቀስ መብት ያነብባሉ፤ ሶሲዮሎጂ የሚያጠኑት ስለ ፍልሰት ያነብባሉ፤ ሁለቱ የሚገናኙባትን ይህችን መስኮት ግን ማንም በወጉ አስተምሯት አያውቅም። ላስታን የመረጥሁት ሀገሬ ስለሆነና ለዘመድ ወዳጅ ወረቀት ሳደራጅ ጉዳዩን ከቅርብ ስላየሁት ነው።

የላሊበላ ልጅ ፓስፖርት አይቶ አያውቅም ማለት አይቻልም። አብያተ ክርስቲያናቱ በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ የሌላ ሀገር ፓስፖርት በየሆቴሉ መዝገብ ላይ ሲገለበጥ አይቶ ያደገ ትውልድ ነው። በአስጎብኝነት፣ በሆቴል፣ በቅርጻ ቅርጽ ሽያጭ የሚተዳደረው ወጣት የእንግዳውን ሀገር ከነዋና ከተማው ያውቃል። የራሱ ፓስፖርት ግን የለውም፤ ሌላው ወደ እርሱ ይመጣል እንጂ እርሱ ወደ ሌላው አይሄድም ነበርና። ይህ የተለወጠው ቀስ በቀስ ነው። እንግዳ ሆኖ መጥቶ ከከተማይቱ ልጅ ጋር ትዳር የመሠረተ አለ። ከዚህ የሚበዛው ደግሞ ራሱ ከላስታ ወጥቶ በአሜሪካ፣ በጀርመን ወይም በዓረብ ሀገር የከረመና ሚስት ከሀገር ቤት የሚያገባው ነው። በኮቪድ ምክንያት ጎብኚ ሲጠፋ፣ ቀጥሎም ከ2013 ዓ.ም. ክረምት እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከተማይቱ በጦርነቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ፣ መውጣት ለብዙው ወጣት ከምኞትነት አልፎ የኑሮ ስሌት ሆነ።

በቅድሚያ ሕጉን እንይ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 32 በሀገሪቱ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚገኝ ማንኛውም ሰው በፈለገው ጊዜ ከሀገር የመውጣት ነጻነት እንዳለው ይደነግጋል፤ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ወደ ሀገሩ የመመለስ መብት አለው። በደርግ ዘመን ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ማግኘት ግድ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። የኢሚግሬሽን አዋጅ ቁጥር 354/1995ም ለሚወጣ ሰው የሚዘረዝረው ጥቂት ነገር ነው፤ የጸና የጉዞ ሰነድ፣ አስፈላጊ ሲሆን የመዳረሻው ሀገር ቪዛ፣ አስፈላጊ ሲሆን የጤና ምስክር ወረቀት። «ባልሽን እንዴት ተዋወቅሽው?» የሚል ጥያቄ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም።

ታዲያ ጥያቄው ከየት መጣ? የመጣው ከሌላ በር ነው። መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ውጭ የሚደረግ ጉዞን አገደ። በዚያው ሰሞን ሳውዲ ዓረቢያ መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ማስወጣት ጀምራ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የወሎ ልጆች ነበሩ። እገዳው የሥራን በር ሲዘጋ የሥራ ፈላጊውን ቁጥር አልቀነሰም። አንዳንዱ በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ኦቦክና ወደ የመን ባሕር ወረደ፤ አንዳንዷ በጉብኝት ቪዛ፣ አንዳንዷም በጋብቻ ስም ወጣች። ስለዚህ ቦሌ ላይ ያለው ሠራተኛ የጉብኝት ወይም የጋብቻ ወረቀት የያዘች ወጣት ሴት ባየ ቁጥር ከወረቀቱ ጀርባ ሌላ ወረቀት መኖሩን ማሰብ ለመደ። እገዳው በ2010 ዓ.ም. ተነሣ፤ የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ማሻሻያው ለሠራተኞች የራሱን መንገድ አበጀ፤ በሰው የመነገድን ወንጀል የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደግሞ የቀድሞውን ሕግ ተካ። ልማዱ ግን ከእገዳው ጋር አልተነሣም።

ልማዱን መሠረተ ቢስ ነው ብዬ አልናገርም። በጋብቻ ስም ተወስደው በሰው ቤት ያለ ደመወዝ የታሰሩ እኅቶች ታሪክ በየቀበሌው አለ። ሠራተኛው ከመቶ አንዷን እንኳ ቢያስቀር አንድ ሕይወት አትርፏል። የተቀሩት ዘጠና ዘጠኙ ግን ሕጋዊ ሚስቶች ናቸው፤ መብታቸውም በሕገ መንግሥት የተጻፈ ነው። አስቸጋሪው ነገር ሁለቱ ዓይነት ሴቶች መስኮቱ ፊት ሲቆሙ ሊመሳሰሉ መቻላቸው ነው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አለመሆኑን ለማሳየት ፊሊፒንስን በአጭሩ ላንሣ፤ ሠራተኛን ወደ ውጭ በመላክ ከእኛ በብዙ የቀደመች ሀገር ናትና። የእነርሱም ሕገ መንግሥት የመጓዝ መብትን ያውቃል። ሆኖም የውጭ ዜጋ ያገባ ወይም ያጨ ፊሊፒናዊ ወደ አጋሩ ከመሄዱ በፊት በውጭ ያሉ ፊሊፒናውያንን ጉዳይ በሚከታተለው ኮሚሽን ቀርቦ የምክር ትምህርት ወስዶ ማስረጃ መያዝ ይጠበቅበታል። የመውጫው ሠራተኛም በመጀመሪያው መስኮት ካልረካ መንገደኛውን ወደ ሁለተኛ ምርመራ ይመራዋል። በ2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አንዲት መንገደኛ የትምህርት ቤት የምረቃ መጽሔቷን ይዛ እንደሆነ መጠየቋ ሲሰማ ሀገሩ በቁጣና በሳቅ ተናወጠ፤ በዚያው ዓመት የወጣው አዲስ የፍተሻ መመሪያም ሥራ ላይ ሳይውል ታገደ። ከእነርሱ የምንማረው የምክሩን ትምህርት ነው፤ ተጓዧ የሚጠብቃትን ነገር መስኮቱ ጋ ሳትደርስ የሚነግራት አካል መኖሩን። እኛ ዘንድ ለሥራ ለሚሄዱት የቅድመ ጉዞ ሥልጠና አለ፤ ለትዳር ለምትሄደው ግን ያለው የባሏ ወንድምና የሰፈሩ ደላላ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንግባ። በላስታ ሙሽራ ወረቀት ላይ የሚደርሰው ችግር ከሞላ ጎደል ሦስት ምንጭ አለው፤ ስም፣ ቀንና ሰዓት። ሦስቱም ነውር የሌለባቸው፣ ከባህላችን የፈለቁ ነገሮች ናቸው።

ስምን እንውሰድ። በላስታ ክርስቲያን ቤተሰብ ውስጥ ሰው ሁለት ስም አለው፤ እናቱ ያወጣችለት የዓለም ስምና ቄሱ ያወጣለት የክርስትና ስም። በተክሊልና በቁርባን የተጋቡ እንደሆነ ቤተ ክርስቲያን የምትሰጠው ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በክርስትና ስም ነው። በፓስፖርቷ ዓለሚቱ የተባለች ሴት በጋብቻ ወረቀቷ ወለተ ጊዮርጊስ ሆና ትገኛለች። እርሷም ቄሱም የሚያውቁት ይህ ሁለትነት ለአየር ማረፊያው ሠራተኛ፣ ይልቁንም ለውጭ ሀገር ቆንስላ፣ የሁለት ሴቶች ወረቀት ይመስላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱንም ስም በአንድ ወረቀት ላይ እንድትጽፍ መጠየቅ፤ ከዚያም ጋብቻውን በተፈጸመ በ30 ቀን ውስጥ በወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብና የምስክር ወረቀቱ በፓስፖርቱ ስም እንዲወጣ ማድረግ። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 መሠረት በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ ሕጋዊ ነው፤ ይሁን እንጂ ሕጋዊ መሆኑና በሩቅ ሀገር ሰው ፊት የሚታይ ማስረጃ ያለው መሆኑ የተለያየ ነገር ነው።

የፊደሉ ጣጣ ደግሞ አለ። «ፀ»ን አንዱ ጸሐፊ በሁለት የላቲን ፊደል፣ ሌላው በአንድ ይጽፋታል፤ «ኃይሉ» በሦስት ወረቀት ላይ ሦስት መልክ ይይዛል። ፓስፖርቱ ከወጣ በኋላ ሌላው ሁሉ ለእርሱ መገዛት አለበት፤ ትርጉሙም፣ ትኬቱም፣ የግብዣ ደብዳቤውም። በተለይ ትኬቱን ባል ከውጭ ሀገር ሆኖ ሲቆርጥ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሣጥን የራሱን ስም አስገብቶ እንዳይልክ! በእኛ ሥርዓት ሚስት በአባቷ ስም ትጠራለች እንጂ የባሏን ስም አትወስድም። ትኬቱና ፓስፖርቱ ካልተስማሙ መጀመሪያ የሚያግዳት ኢሚግሬሽን ሳይሆን አየር መንገዱ ነው፤ የመግቢያ ሰነዱ ያልተሟላ መንገደኛ ያደረሰ አየር መንገድ በብዙ ሀገር ይቀጣልና የእነርሱ ጥንቃቄ ከመንግሥት አይተናነስም።

ወደ ቀኑ እንሂድ። ስለ ልደት ቀን አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንዲት የላሊበላ ልጅ ታኅሣሥ 29 ቀን 1992 ዓ.ም. ተወለደች እንበል። ታኅሣሥ 29 በአብዛኛው ዓመት ጃንዋሪ 7 ላይ ስለሚውል የቀበሌው ጸሐፊ ጃንዋሪ 7 ቀን 2000 ብሎ ይተረጉመዋል። ነገር ግን 1991 ጳጉሜን ስድስት የሆነበት ዓመት ነበር፤ ስለዚህ የ1992 መስከረም 1 ቀን የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው፤ ታኅሣሥ 29ም ጃንዋሪ 8 ይሆናል። ትክክለኛውን ስሌት የሠራ ሌላ ተርጓሚ ጃንዋሪ 8 ብሎ ሲጽፍ፣ በአንዲት ሴት ሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ልደት ተገኘ ማለት ነው። ገናን በታኅሣሥ 29 አጽንቶ በሚያከብር ከተማ ይህ ስሕተት መደጋገሙ ያስገርማል? በሌላ በኩል የልደት ምስክር ወረቀቷ ባለፈው ወር የተሰጠ መሆኑ ራሱ ጥያቄ ያስነሣል። መልሱ ግን አላት፤ ዘመናዊው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሀገራችን የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነውና ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ሁሉ ወረቀቱን የሚያገኘው አድጎ ነው። በጦርነቱ የቢሮ መዝገብ የጠፋበት ወረዳ ሰው ደግሞ ይህን ሁለተኛ ምክንያት ጨምሮ መናገር ይችላል። ምክንያቱን የምታውቅ ተጓዥ በሁለት ዓረፍተ ነገር ትገላገላለች። የማታውቀው ትደነግጣለች፤ ድንጋጤዋም እንደ ጥፋት ይታይባታል።

ሰዓትን ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ያየዋል። ትኬት ላይ «ማክሰኞ 01፡15» የተባለው በእኛ አቆጣጠር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7፡15 ነው። እኛ ቀንን ከንጋት እንጀምራለን፤ ትኬቱ ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። በቤቷ ልማድ ያነበበችው ሴት ማክሰኞ ጧት 1፡15 ላይ ሻንጣዋን ይዛ ትመጣለች፤ አውሮፕላኑ ግን ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ሰኞ ማታ 4 ሰዓት ላይ አየር ማረፊያው መግባት እንዳለባት በአማርኛ፣ በእኛ ሰዓት፣ በትልቁ ተጽፎ ይሰጣት። ከላስታ ለምትነሣው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። ከሹምሸሃ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣው በረራ በአየር ጠባይ ሊዘገይ፣ በጋሸና በኩል ያለው መንገድም በጸጥታ ምክንያት ሊዘጋ ይችላል። በዋዜማው አዲስ አበባ መድረስ አይበቃም፤ ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ከዘመድ ቤት ማረፍ ይሻላል።

ከወረቀት ይልቅ የሚከብደው ግን ቃል ነው። ሠራተኛው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ወዴት እንደምትሄድ፣ ወደ ማን እንደምትሄድ፣ እንዴት እንደተጋቡ፣ እርሱ ምን ሠርቶ እንደሚኖር፣ ትኬቱን ማን እንደገዛ፣ ማን እንደሚቀበላት ነው። ከባድ ጥያቄ የለበትም። ሆኖም የላስታ ሙሽራ አስተዳደግ ከእነዚህ ጥያቄዎች ጋር ይጋጫል። ጨዋ ልጅ በሹም ፊት ዓይኗን ትሰብራለች፤ ቃሏን ታሳጥራለች፤ ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። በአንዳንዱ ቤት ሚስት የባሏን ስም በሰው ፊት መጥራት ነውር ነው፤ «እሱ» ወይም «የኛ ሰው» ትለዋለች። ጉዞውን ያሰናዱት ባሏና የባሏ ወንድም ስለሆኑ ወረቀቱ በታሸገ ፖስታ ተሰጥቷታል። ስለዚህ «ባልሽ የት ከተማ ነው የሚኖረው?» ስትባል «ጀርመን» ትላለች፤ «ጀርመን የት?» ስትባል «እሱ ያውቃል» ትላለች።

እዚህ ላይ ነው ሁለቱ ሴቶች የሚመሳሰሉት። በሰው ነጋዴ እጅ ያለች ሴት የሚታወቅባት ምልክት የጉዞዋን ዝርዝር አለማወቋ፣ ወረቀቷን ሌላ ሰው መያዙ፣ በአጭሩ መመለሷ፣ ዓይን መሸሿ ነው። እኛ ጨዋነት ብለን ያሳደግናትን ነገር ሠራተኛው የግዞት ምልክት አድርጎ ያነበዋል። ደግሞም ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ብዬ አልፈርድበትም፤ የምትሄድበትን ከተማ ስም የማታውቅ ሴት፣ ባሏ ደግ ሰው ቢሆን እንኳ፣ ለአደጋ የተጋለጠች ናትና።

ደላላው ይህን ችግር በማስጠናት ይፈታዋል። «እንዲህ ሲሉሽ እንዲህ በይ» ይላታል። የዚህ ውጤት ከዝምታው የከፋ ነው። የተጠና መልስ ቅደም ተከተሉ ሲናጋበት ይወድቃል፤ ሠራተኛውም በዚያው ቀን ያንኑ ዓረፍተ ነገር ከሌላ ልጅ አፍ ሰምቶታል። ወደ ባሏ የምትሄደውን «ለጉብኝት ነው በይ» ማለት ደግሞ እውነተኛዋን ሚስት ሐሰተኛ ያደርጋታል። ባሏን ለማየት በአጭር ጊዜ ቪዛ የምትሄድ ከሆነም «ባሌን ልጠይቅ፣ በዚህ ቀን እመለሳለሁ» ትበል፤ ቪዛዋ የሚለውና አፏ የሚለው አንድ ይሁን።

እኔ ለባሎች የምመክረው ጉዞውን ለባለቤቱ እንዲመልሱላት ነው፤ የጉዞው ባለቤት ደግሞ እርሷ ናት። ይህ የሚሆነው በጥያቄና መልስ ልምምድ አይደለም። ከመሄዷ ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት፣ በስልክ፣ በመደበኛው ወግ መካከል፣ ቤቱን በምስል ያሳያት፤ ሰፈሩን፣ የሥራ ቦታውን፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ቤት ያለውን መንገድ ይንገራት። አድራሻውን እርሱ ከሚልክላት ይልቅ ሲነግራት በእጇ ትጻፈው። ከዚያ ሚናው ይገልበጥና እርሷ ትጠይቀው፤ ደመወዝህ ስንት ነው? ቤቱ የማን ነው? ከእኔ በፊት ትዳር ነበረህ? ፍቺው በፍርድ ቤት አልቋል? ልጅ አለህ? ከአማቶቿ ፊት እነዚህን መጠየቅ የማትደፍር ልጅ በስልክ ለብቻቸው ትጠይቅ። ሠራተኛው ሊጠይቃት የሚችለው ሁሉ አስቀድሞ እርሷ ልታውቀው የሚገባት ነገር ነው። እነዚህን ጥያቄዎች የሚሸሽ ባል ያጋጠማት ከሆነም ይህን የምትሰማው ቦሌ ከመድረሷ በፊት ላሊበላ እናቷ ቤት ተቀምጣ ቢሆን ይሻላል።

ወረቀቶቿን ራሷ ትያዝ፤ በእጅ ቦርሳዋ እንጂ በምታስረክበው ሻንጣ አይሁን። ዋናው የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተረጋገጠው ትርጉም፣ የባሏ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ፓስፖርት ቅጂ፣ የሠርጉና ከሠርጉ በፊት የነበረው ዘመን ጥቂት ፎቶግራፎች፣ እንደ መዳረሻው ሀገር ደንብ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ፤ ኢትዮጵያ በሽታው ከሚያሰጋቸው ሀገሮች አንዷ ሆና ስለምትመዘገብ አንዳንዱ ሀገር ይህን አጥብቆ ይጠይቃል። የሁሉም ቅጂ እናቷ ዘንድ ይቅር፤ በስልኳም ይኑር። ስልኩም የራሷ ይሁን።

ሻንጣውን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። በሀገራችን አደራ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ለመንገደኛ «ይቺን ለልጄ አድርሺልኝ» ያላለ ጎረቤት የለም። በ2011 ዓ.ም. አንዲት ወጣት ኢትዮጵያዊት በሻምፑ ጠርሙስ ውስጥ በተገኘ ኮኬይን ቻይና ውስጥ መታሰሯ ሀገሩን ሁሉ ያስጨነቀ ጉዳይ ነበር፤ ዕቃውን የተቀበለችው ከጓደኛዋ እንደሆነ ተዘግቧል። ሽሮና በርበሬው እንኳ በቤቷ ተፈጭቶ፣ በእጇ ታሽጎ ይሁን። «ሻንጣሽን ማን አሰናዳው?» ስትባል «እኔ» ማለት መቻል አለባት፤ እውነትም መሆን አለበት።

የመዳረሻው ሀገር ሕግ የዚህ ዝግጅት ክፍል ነው፤ ብዙ ባሎች ግን ይዘሉታል። ወደ ጀርመን የምትሄድ ሚስት ከ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ የመጀመሪያ ደረጃ የጀርመንኛ ፈተና አልፋ ነው ቪዛ የምታገኘው፤ በዚያ ሀገር ራሷን ችላ የመኖር መብቷ ግን በመርሕ ሦስት ዓመት በትዳር ከኖረች በኋላ ነው። ወደ አሜሪካ በእጮኛ ቪዛ የምትሄድ በ90 ቀን ውስጥ ካጫት ሰው ጋር መጋባት አለባት፤ ከተጋባች ሁለት ዓመት ሳይሞላት የገባች ሚስት የሚሰጣት የሁለት ዓመት ቅድመ ሁኔታ ያለበት መኖሪያ ፈቃድ ነው። በሁለቱም ሀገር ባል ቢደበድባት ወይም ቢያሠቃያት ሕጉ መውጫ አበጅቶላታል፤ ፈቃዷን እንዳታጣ ብላ ግፍ ለመታገሥ አትገደድም። ይህን ቦሌ ላይ ማንም አይጠይቃትም። ነገር ግን ስለ ጉዞዋ ሁሉንም የነገራት ባል ይህንንም ከነገራት ማንነቱን አስመሰከረ ማለት ነው።

ከመስኮቱ ብትመለስስ? ይሆናልና ይታሰብበት። መጀመሪያ ምክንያቱን በትሕትና ትጠይቅ፤ «ምን ጎድሎ ነው?» የሚለው ጥያቄ የማንም ክብር አይነካም። የጎደለው ወረቀት ከሆነ በስልክ ሊደርስ ይችላል፤ ባሏ በዚያ ሰዓት ስልኩን ከፍቶ ነቅቶ ይጠብቅ፤ አዲስ አበባ ያለ ዘመድም እርሷ ተነሥታ እስክትበር ከአየር ማረፊያው ደጅ አይራቅ። ጥርጣሬ ከሆነ ኃላፊውን ማነጋገር እንደምትፈልግ ትናገር፤ ሰዓቱንና የተነገራትን ትጻፍ። ገንዘብ አታሳይ፤ ገንዘብ ያሳየች ሚስት ለተጠራጣሪው ምክንያት ሰጠችው። «ወረቀቱን አስጨርስልሻለሁ» የሚል ሰው ከደጅ ቢጠብቃት አትመልስለት። ትኬቱ ቀኑ ሊለወጥ የሚችል ዓይነት ቢሆን የአንድ ቀን መመለስ የሙሉ ትኬት ኪሳራ አይሆንም፤ ባሎች በርካሽ ትኬት የሚያተርፉት ገንዘብ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል።

ከታዳሚዎች ሁለት ጥያቄ ቀርቦልኛል።

የመጀመሪያው፣ ወንዶች ለምን በዚህ ንግግር አልተነሡም የሚል ነው። የውጭ ዜጋ ያገባ የላሊበላ አስጎብኚም በዚሁ መስኮት ያልፋል፤ ስለ ስም፣ ስለ ቀንና ስለ ሰዓት ያልሁት ሁሉ ለእርሱም ይሆናል። የሚጠየቀው ግን ይለያል፤ እርሱ «ትመለሳለህ ወይ?» ይባላል እንጂ «ማን ወሰደህ?» አይባልም። ከቆቦና ከሐብሩ በረሃ ለበረሃ የሚወጣው ወጣት ደግሞ ጨርሶ መስኮት አያይም። ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ፍተሻው የሚጠብቀው በሕጋዊው በር የመጣውን ብቻ ነው። የሕጋዊው በር ፍተሻ ያለ ልክ ሲጠብቅ የሚበረታታው የጋላፊና የመተማ መንገድ መሆኑን በእገዳው ዓመታት አይተናል።

ሁለተኛው፣ ማንበብና መጻፍ የማትችል ሚስት ምን ታድርግ የሚል ነው። ከቦሌው ሠራተኛ ጋር በአማርኛ ትነጋገራለች፤ ታሪኳን ካወቀች ፊደል አያግዳትም። የሚከብዳት አውሮፕላን የምትቀይርበት ቦታ ነው። ባሏ ትኬቱን ሲቆርጥ ከበር እስከ በር የሚመራት ረዳት እንዲመደብላት አየር መንገዱን መጠየቅ ይችላል። የበረራው ቁጥር፣ የባሏ ስልክና የምትደርስበት ከተማ በሀገሩ ቋንቋ የተጻፈበት አንድ ካርድ በአንገቷ ይንጠልጠል። የረዳቱ ጥያቄ መቅረብ ያለበት ትኬቱ ሲቆረጥ ነው፤ በጉዞው ሌሊት መመዝገቢያው ጋ ቆሞ መጠየቅ ብዙ ጊዜ አይሳካም።